ቁጥር የወጣለት ቡና፦ የጅማ ጫካ ሲቢዲ የተባለውን በሽታ እንዴት ተቋቋመው?

ጅማ ዞን፣ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ውስጥ አንድ የቡና ማሳ ገብታችሁ «ይሄ ዝርያው ምንድን ነው?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው። 74110። 74112። 74148። ለእንግዳ ሰው የሎተሪ ዕጣ የሚነበብ ይመስለዋል። ገበሬው ግን ሳይደናቀፍ ይጠራዋል። የትኛው ቶሎ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ቅርንጫፉን ሰብሰብ አድርጎ እንደሚያድግም አብሮ ይነግራችኋል።

ቁጥሩ ሲፈታ ነገሩ ቀላል ነው። 74 ማለት እ.ኤ.አ. 1974 ነው። 110 ደግሞ በምርጫው የአንዲት እናት ዛፍ መለያ ነው። ዛሬ በየማሳው ያለው 74110 ሁሉ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተገኘች አንዲት የቡና ዛፍ ይደርሳል።

ያኔ ሰዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ ለቡና ዛፍ ቁጥር የሚያወጡት ለምን ነበር? ደልቷቸው አይደለም። በሽታ ገብቶ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ በሽታና ጫካው የሰጠው መልስ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ሥርዓተ ምኅዳር ስንማር ሣር፣ ሚዳቋ፣ አንበሳ ብለን በቃላችን ሸምድደናል። አንበሳ ግን ጅማ ላይ ማን ያያል? እዚህ አገር ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዴት እንደሚበላሉ፣ እንደሚጣሉና እንደሚረዳዱ ለማየት ስኒ ውስጥ ያለው ነገር ታሪክ ይበቃል።

እንግዳው

በሽታው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። የልማት ሠራተኞችም ገበሬዎችም ሲቢዲ ይሉታል። አምጪው ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የሚባል ፈንገስ ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1922 ኬንያ ውስጥ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ግን በ1971 ነው። ከዚያማ ማን ያቁመው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹን ቡና አብቃይ አካባቢዎች አዳረሰ።

ፈንገሱ የሚያድረው በቡናው ቅርፊት ላይና ካለፈው ዓመት ዛፉ ላይ ደርቆ በቀረ ፍሬ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጠብታው ስፖሩን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን ዘር መሳይ ብናኝ፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ታችኛው ይረጨዋል። ስፖሩ እንዲበቅል ፍሬው ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። አየሩም ቀዝቀዝ ማለት አለበት፣ 20 ዲግሪ ገደማ። ለዚህ ነው እንደ ጌራ ያሉ ከፍታና ጭጋግ ያለባቸው ቦታዎች ላይ የሚበረታው። ወደ ቆላ ስትወርዱ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ፍሬውም ሁልጊዜ እኩል አይጋለጥም። ዋናው አደገኛ ጊዜ አበባው ከረገፈ አንድ ወር ካለፈው በኋላ እስከ አራተኛው ወር ገደማ ነው። አረንጓዴው ፍሬ ቶሎ ቶሎ የሚያብጥበት ወቅት ማለት ነው። ጅማ ላይ ቡና የሚያብበው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ፍሬው እንጭጭ ሆኖ የሚጋለጥበት ጊዜና ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ።

የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይቆጥራሉ። የሚታመም ተክል፣ የሚያሳምም ተሕዋስ፣ የሚመች አየር። ሦስቱ ካልተገጣጠሙ በሽታ የለም። አየሩን ማንም አይቀይረውም። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ የዚህ ጉዳይ ታሪክ በሙሉ ከሁለቱ የቱን እንያዝ የሚል ነው።

የታመመ ፍሬ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ብታዩ መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ናት። በቀናት ውስጥ ትሰፋለች፤ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ዕለት ጠዋት ላይ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ፣ በጥቁሩ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ዝልግልግ ነገር ታያላችሁ። እሱ ስፖሩ ነው፤ ቀጣዩን ጠብታ የሚጠብቅ። ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ጠቁሮና ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ሰንጥቃችሁ ብታዩት ውስጡ ፍሬ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ሌላ ዛፍ ላይ ሂዱ። እዚያም ፍሬው ላይ ምልክት አለ። ይሄኛው ግን አይጠቁርም፤ ገረጣ ያለ፣ ሻካራ፣ እከክ የመሰለ ጠባሳ ነው። አይሰፋም። ፈንገሱ ገብቶ ነበር፤ ዛፉ ግን በተነካው ቦታ ዙሪያ እንደ ቡሽ የደረቀ ግድግዳ ሠርቶ ዘጋበት። ስፖሩ ለሁለቱም ዛፎች የደረሳቸው በአንድ ዝናብ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ፍሬውን አጣ፣ ሁለተኛው ለለቀማ ደረሰ።

የጉዳቱን ልክ ለማወቅ፦ ሲቢዲ በአገር አቀፍ ደረጃ ከምርቱ ከ24 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ያጠፋል ተብሎ ይገመታል። ዝናብና ቅዝቃዜ የተመቸው ቦታ ላይ፣ ዛፉም ተጋላጭ ከሆነ፣ ጭራሽ የሚለቀም ነገር ላይተርፍ ይችላል።

መርጨት ወይስ መፈለግ

ኬንያ የያዘችው ፈንገሱን ነው። እዚያ በስፋት የተተከሉት ኤስኤል 28 እና ኤስኤል 34 የሚባሉት ዝርያዎች ለሲቢዲ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ በየወቅቱ ደጋግሞ ፀረ ፈንገስ መርጨት ግድ ሆነ። በሽታውን የሚቋቋመው ሩይሩ 11 ለገበሬ የደረሰው በ1985 ነው። በሽታው ከታየ ስድሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ኢትዮጵያም መድኃኒቱን ሞክራለች። ግን እስቲ የጅማን ገበሬ አስቡት። ማሳው ግማሽ ሄክታር ቢሆን ነው፣ ያውም በዛፍ ጥላ ሥር፣ ያውም ቁልቁለት ላይ። መርጫው፣ ውኃው፣ መድኃኒቱ፣ ጉልበቱ። በየጥቂት ሳምንቱ። ለዚያውም ዝናብ መጥቶ እያጠበው። የቡናው ዋጋ የቱን ይሸፍናል?

ከጅማ ወደ አጋሮ ሲወጡ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልኮ የሚባል ቦታ አለ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው፣ ከ1967 ጀምሮ። በሽታው ሲገባ ማዕከሉ ገና ለጋ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኩል የመጣው የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ራውል ሮቢንሰንና እዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች ያራመዱት ሐሳብ ከመርጨት ተቃራኒ ነው። በሽታው ከሁሉም የበረታበት ቦታ ሂዱ። ሁሉም ዛፍ ሲጠቁር ሳይጠቁር የቀረውን ፈልጉ።

ሰምቶ ለመናገር ቀላል ነው። ችግሩ ያ ጤነኛ ዛፍ ዕድለኛ ይሁን ጠንካራ መለየቱ ላይ ነው። ምናልባት ዝናቡ አልደረሰውም። ምናልባት ዘግይቶ አብቦ አደገኛውን ወቅት አምልጦታል። ስለዚህ ዛፉን ፈተኑት። ማሳው ላይ የታመመና ጤነኛ ፍሬውን ቆጠሩ። ዛፉ ላይ እንዳለ ፍሬው ላይ ሆን ብለው ስፖር አደረጉበት። አረንጓዴ ፍሬ ቀጥፈው እርጥበት ያለው ሳጥን ውስጥ ደርድረው በእያንዳንዱ ላይ ስፖር ያለበት ውኃ ጠብ አደረጉ። ዘሩን አብቅለው የሳምንታት ዕድሜ ያለው ችግኝ ግንድ ላይም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያለፈ ዛፍ ነው ቁጥሩ የጸናለት።

ፍለጋው የተጀመረው በ1973 ገደማ ነው። ከዚያ ምርጫ በጠቅላላው 13 ዝርያዎች ወጡ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለገበሬ ደረሱ። እንደ ቡና ላለ፣ ፍሬውን ለማየት ብቻ ሦስት አራት ዓመት ለሚያስጠብቅ ተክል፣ ይህ ፍጥነት ለማመን ይከብዳል። 741 እና 75227 የጌራ ተወላጆች ናቸው። 74110 እና 74112 እንዳልኩት ከመቱ በኩል የመጡ።

ፍጥነቱ የመጣው ምንም አዲስ ነገር ስላልፈጠሩ ነው። አላዳቀሉም። የነበረውን አገኙ። አረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ልጁ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ ከተመረጠችው ዛፍ ዘር ለቅሞ ማባዛትና ማከፋፈል ይበቃል።

ያላዩትን ጠላት

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ፈንገሱ እዚህ ከ1971 በፊት አልታየም። ታዲያ አንዳንዱ ዛፍ የማያውቀውን በሽታ መቋቋም ከየት አመጣው?

ተፈጥሮ ለሲቢዲ ብላ ያዘጋጀችው ነገር የለም። ሮቢንሰን የተከራከረለት ማብራሪያ መቋቋሙ የአንድ ዘረመል ሥራ አይደለም የሚል ነው። ብዙ ትናንሽ ባሕርያት ተደምረው ነው። ያንን ቡሽ መሳይ ግድግዳ ለመሥራት የሚፈጥነውም የሚዘገየውም አለ። የፍሬው ቆዳ ለፈንገስ የሚመችም የማይመችም አለ። እነዚህ ባሕርያት በሌላ ምክንያት፣ ለሌላ ችግር፣ ወይም እንዲሁ በአጋጣሚ በጫካው ቡና መካከል ተበትነው ይኖሩ ነበር። እንግዳው ሲመጣ በቂውን ያህል በአንድ ላይ የያዙት ዛፎች ተለይተው ታዩ።

ሥነ ምኅዳር ውስጥ አንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ የአንድ ዝርያ አባላት ስብስብ አለ። እንደ ጌራ ጫካ ቡና። ስብስቡን ከሩቅ ስታዩት ሁሉም ቡና ነው። ቀረብ ስትሉ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ነሐስ መሳይ የሆነ፣ አረንጓዴ የሆነ፣ ፍሬው ሞላላ፣ ድቡልቡል፣ ቀድሞ የሚቀላ፣ ዘግይቶ የሚቀላ ይገኛል። ይህ ልዩነት በደጉ ጊዜ ምንም የሚጠቅም አይመስልም። እንደውም ለለቀማ ያስቸግራል። ክፉ ቀን ሲመጣ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

የሌላውን ዓለም ቡና አስተያዩት። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም አንድ የቡና ተክል ተወሰደ። በ1714 ከዚያ ዘር አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተበረከተ። የላቲን አሜሪካ አረቢካ አብዛኛው የዘር መሠረቱ በዚህን ያህል ጥቂት ተክል ላይ ነው የቆመው። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ በ1869 የቅጠል ዝገት ሲገባባት ቡናዋ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ነበርና ጠፋ። ሻይ የተከሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥላው ሥር

እስካሁን ስለ ሁለት ፍጡር ብቻ ነው ያወራሁት፤ ቡናና ፈንገስ። ጅማ ላይ ግን ቡና ብቻውን አይኖርም። ከላይ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር አሉ። ከሥር ቅጠላ ቅጠሉ፣ ምስጡ፣ ትሉ። መሐል ላይ ንቡ፣ ወፉ፣ ጦጣው።

ስለ ጥላ አንድ የጎማ አባት የነገሩኝን ልጥቀስ። «ልጄ፣ ጥላ የሌለው ቡና ሁለት ዓመት ያስቅሃል፣ በሦስተኛው ያስለቅስሃል» አሉኝ። ሳይንሱም ያንኑ ነው የሚለው። ሙሉ ፀሐይ ያገኘ ቡና ከአቅሙ በላይ ያፈራል። ፍሬውን ለመመገብ ስንቁን ይጨርስና ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ጥላ ያለው በልኩ ያፈራል፤ ብዙ ዘመን ይኖራል።

ሰሳ፣ ብርብራና ግራር ከባቄላ ወገን ናቸው። ሥሮቻቸው ላይ ባክቴሪያ ያስጠጋሉ። ባክቴሪያው ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይቀይራል፤ ዛፉ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ያ ናይትሮጅን ለቡናው ይተርፋል። ዩሪያ በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ስጦታ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ነገር ግን ጥላን ማምለክም አያስፈልግም። ዛፍና ቡና ለውኃና ለብርሃን ይሻማሉ። በጣም የጠበቀ ጥላ ውስጥ ቡናው ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል እንጂ ፍሬ አይይዝም። እርጥበቱም ቶሎ አይለቅም፤ ይህ ደግሞ ለሲቢዲ ይመቸዋል። በሌላ በኩል የላይኛው ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል። አንድ ዛፍ በአንድ ጊዜ ይጠቅማልም ይጎዳልም። የጅማ ገበሬ በየዓመቱ የጥላውን ቅርንጫፍ ሲመለምል የሚሠራው ይህን ሒሳብ ነው፣ በዓይን ልክ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። የቅጠል ዝገት ከሲቢዲ ይለያል። እንግዳ አይደለም፤ ከቡናው ጋር የኖረ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1934 ተመዝግቧል። በየማሳው አለ። ሲሎንን ያጠፋው እሱ ነው። ታዲያ ጎማንና ጌራን ለምን አላጠፋም? አንዱ ምክንያት ቀደም ብዬ ያልኩት የቡናው ልዩነት ነው። ሌላውን ለማየት ቅጠል መገልበጥ ያስፈልጋል።

ዝገት የያዘው ቅጠል ከሥሩ ብርቱካናማ ዱቄት አለው። በጣታችሁ ብትነኩት ይለቃል። በዚያ ብርቱካናማ ላይ አንዳንዴ ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ ጥጥ የነካው ይመስላል። ብዙ ሰው በሽታው የባሰበት ይመስለዋል። ነጩ ግን ሌላ ፈንገስ ነው፣ ሌካኒሲሊየም ሌካኒ የሚባል። ዝገቱን ነው የሚበላው። ቡናውን የሚበላውን ይበላል። ጎማና ጌራ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንን ፈንገስ በብዙ ማሳዎች አግኝተውታል፤ ጥላና እርጥበት ይወዳል።

ከዚህ በኋላ መርጨት የሚለው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ፀረ ፈንገስ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሲቢዲን ልግደል ብሎ የረጨ ሰው ዝገቱን የሚበላለትን ነጩንም ሊገድል ይችላል። ጥላውን ቆርጦ ማሳውን ያደረቀም እንዲሁ፣ ሳያውቀው።

ንቡን ቶሎ ልንገራችሁ። አረቢካ ያለ ንብም ያፈራል። ንብ ሲጎበኘው ግን የበለጠ ፍሬ ይይዛል። የቡና አበባ የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ ንቡ ያኔ ቅርብ መገኘት አለበት። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ የሚቀልበው ሌላ አበባ ነው። ብሳናው፣ ግራዋው፣ ጌራ በኩል ደግሞ ነጩ ማር የሚሠራበት ገተማ። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ለገበሬው ማር ነው፤ ለቡናው ሌላ ነው። አንድ ጨዋታ መሳይ ነገር፦ ንቡ ከቡና አበባ በሚቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ካፌይን አለ። በ2013 የወጣ ጥናት ያ ካፌይን ንቦች የአበባውን ሽታ እንዳይረሱ እንደሚያደርግ አሳይቷል። በቡና ሱስ የተያዝነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ጦጣና ዝንጀሮ ቀይ እሸት ይሰርቃሉ። ገበሬ ይረግማቸዋል፤ ልጆች ይጠብቃሉ፣ ውሻም ይታሰራል። ሥጋውን ይመጡና ፍሬውን እየተፉ ይሄዳሉ። ወፎችም እንዲሁ ይዘሩታል። ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ወፍ ዘራሽ ቡና ይሄ ነው። ቢሻሪም ሆነ ጌራ ላይ ለዚያ ሁሉ ልዩነት ማንም ሰው ችግኝ ጣቢያ አላቋቋመም።

ሒሳቡ

እስካሁን ያወራሁት የድል ታሪክ ይመስላል። በከፊል ነው። አሁን ወጪውን እንቁጠር።

ጫካ ውስጥ የተገኙት 13 ዝርያዎች ወደ ማሳ ወጡ። ከነሱ ውስጥ ገበሬ የወደዳቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሰብሰብ ብለው የሚያድጉት፣ ቶሎ የሚያፈሩት። የችግኝ ጣቢያ የሚያፈላውም እነሱኑ ነው። ስለዚህ ልዩነት ያዳነው ማሳ ራሱ ወደ ተመሳሳይነት እየሄደ ነው። ሲሎንን አስታውሱ።

ደግሞም ለአንድ በሽታ የጠነከረ ለሌላው የግድ አይጠነክርም። ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቀው በሽታ ሌላ ፈንገስ ነው፣ ፍዩዛሪየም የተባለው። ይሄኛው ፍሬን አይደለም የሚያጠፋው፤ ዛፉን ነው። የሚገባው ብዙ ጊዜ በቁስል በኩል ነው። ቁስሉን የምናመጣው እኛ ነን። አረም ስንመነጥር ገጀራው የቡናውን ግንድ ሥር ይነካል። ያው ገጀራ ከታመመው ዛፍ ወደ ጤነኛው ይሄዳል። ለሲቢዲ የተመረጡ ዝርያዎች መካከል ለዚህ በሽታ የሚንበረከኩ አሉ። ሲመረጡ ጥያቄው እሱ አልነበረምና።

ሦስተኛው ወጪ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የተመረጠው ችግኝ ወደ ጫካ ውስጥ እየተተከለ ነው። ገበሬው ጫካ ቡናውን ለማጠጋጋት ባዶ ቦታ ሲያገኝ የሚያስገባው ከችግኝ ጣቢያ ያገኘውን ነው። አረቢካ በራሱ ቢፀንስም ንብ ጥቂቱን ብናኝ ያሻግራል። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት የዱር ቡናው በተሻሻሉት ዝርያዎች እየተቀየጠ የመሄድ አደጋ እንዳለበት አስጠንቅቋል። የጫካ ልጅ ተመልሶ ጫካውን ራሱን እንዲመስል ያደርገዋል። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ ጤነኛ ዛፍ የምንፈልግበት ቦታ ይጠብባል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ጫካ ቡና ውስጥ በየዓመቱ ሥሩ ይመነጠራል። ሲመነጠር አረሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የዋንዛው፣ የሰሳው፣ የቀረሮው ችግኝ አብሮ ይቆረጣል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች ስላሉ ጫካው ያለ ይመስላል። ከሥር ግን ወራሽ የለም። ያ ትልቅ ዛፍ አንድ ቀን በነፋስ ሲወድቅ ቦታውን የሚይዝ ዛፍ አይኖርም፤ ቡናው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ከዚያ ነጩ ፈንገስ፣ የንቡ አበባ፣ የቅጠሉ ናይትሮጅን አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

ምን እየተደረገ ነው?

ጎማ ውስጥ፣ አጋሮ አቅራቢያ፣ ጮጬ ላይ የቡና ዘር ማቆያ ማሳ አለ። የቡና ዘር እንደ ስንዴ አድርቀህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለዘመናት የምታስቀምጠው ነገር አይደለም፤ ቶሎ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ የሚቀመጠው ሕያው ዛፍ ሆኖ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዓይነቶች እዚያ ተተክለዋል። ጥሩ ነው። ግን ማሳ ላይ የቆመ ዛፍ ከጦጣውም፣ ከፈንገሱም፣ ከሚለዋወጠው አየርም ጋር እየተላመደ መኖሩን ያቆማል። ይህን የሚቀጥለው ጫካው ብቻ ነው።

መልኮም መንገዱን አስተካክሏል። አንድ ዝርያ ለሁሉም አገር ከማዳረስ ይልቅ ከየአካባቢው ነባር ቡና ለዚያው አካባቢ የሚሆነውን ወደ መምረጥ ገብቷል። የሊሙ ለሊሙ፣ የሐረር ለሐረር። ይህ የጀመረው በአብዛኛው ስለ ጣዕም ተብሎ ነው፤ የጅማ ቡና ሐረር ላይ ተተክሎ የሐረርን ጣዕም ያበላሻል ተብሎ። ለልዩነቱም በጀ።

በለጠ ጌራ ጫካ ላይ ሌላ ነገር ተሞክሯል። ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ጫካው በተጠቃሚ ማኅበራት እጅ እንዲጠበቅ ተደረገ። በ2007 የጫካ ቡናቸው ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሚሰጠውን ማረጋገጫ አገኘ። ጫካውን ያልቆረጠ የተሻለ ዋጋ ያገኛል ነው ነገሩ።

ማሳው ላይ ላለ ሰው ግን የሚሠራው ሥራ ከዚህ ያነሰና የቀረበ ነው። ዛፉ ላይ ጠቁሮ የቀረውን የአምናውን ፍሬ ከዝናቡ በፊት ማራገፍና ማውጣት፤ ፈንገሱ የሚያድረው እዚያ ነውና። በአጠውልግ የሞተ ቡና ካለ ሳይጎተት ነቅሎ እዚያው ማቃጠል፣ ገጀራውን ደግሞ እሳት ላይ ማሳየት። ቢያንስ ሦስት አራት ዓይነት ቀላቅሎ መትከል። ሲመነጠር የዋንዛና የሰሳ ችግኝ እዚህም እዚያም እየተመረጠ እንዲቀር ማድረግ። ጫካ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲገኝ ከችግኝ ጣቢያ ከማምጣት እዚያው ከበቀለው ወፍ ዘራሽ ማጠጋጋት።

የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ወፍ ዘራሹ ዘግይቶ ያፈራል፣ ይበተናል፣ ለለቀማ ያስቸግራል። አጋሮ ላይ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚገዛው ነጋዴ ሁለቱንም አንድ ጆንያ ውስጥ ነው የሚጨምረው፤ ዋጋውም አንድ ነው። የጎማው አባት ጓሮአቸው ጥግ ላይ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ቡና አለ። በኪሎ ሲሰላ ነቅለው 74110 ቢተኩበት ያዋጣቸዋል። ለምን እንዳልነቀሉት ስጠይቃቸው «ለራሳችን የምንጠጣው እሱን ነው» አሉኝ። እስካሁን ያቆየው ይሄ ብቻ ነው። ልጃቸው ግን መጋቢት ላይ ለመንቀል አስቧል።